ባለ 100 አሃዝ ቁጥር፦ ወንፊቱ ከመጀመሩ በፊት

የአዳማው የጥናት ቡድናችን አሁን ባለ 100 አሃዝ ቁጥሮችን ወደ ፕራይም (ከ1 እና ከራሳቸው በቀር ለሌላ ወደማይካፈሉ) አካፋዮች መበተን ላይ ደርሷል። ወንፊት የምንለው የመጨረሻውን ከባድ ደረጃ፣ ኳድራቲክ ሲቭን ነው። እዚህ መጠን ላይ ከኮምፒውተሩ ፍጥነት ይልቅ የሥራው ቅደም ተከተል ይወስናል።

መጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ፕራይም አለመሆኑን ሚለር-ራቢን በተባለው የፕራይምነት መፈተሻ ፈትሹ። እስከ 1 ሚሊዮን ባሉ ፕራይሞች ካካፈላችሁ በኋላ ወደ ፖላርድ «ፒ ሲቀነስ 1» የመበተኛ ዘዴ እለፉ። ይህ የሚይዘው ከአካፋዩ ላይ 1 ሲቀነስ የሚቀረው ቁጥር ወደ ጥቃቅን ፕራይሞች የሚበተን ከሆነ ብቻ ነው። ለልምምድ ኦይለር በ1732 የበተነውን 4294967297 ውሰዱ፤ 641 × 6700417 ነው። 640 = 2⁷ × 5 ስለሆነ፣ ከ3⁶⁴⁰ ላይ 1 ቀንሳችሁ ከቁጥሩ ጋር ያለውን ትልቁን የጋራ አካፋይ ስታወጡ 641 ይመጣል። በ3 ፈንታ 2 ብትጠቀሙ ግን 2⁶⁴ ለሁለቱም አካፋዮች ሲካፈል ቀሪው 1፣ 640 ደግሞ 64 × 10 ስለሆነ፣ የሚመለሰው ያው ሙሉ ቁጥር ነው። እንዲህ ሲሆን መነሻውን ቀይሩ።

ዋናው ትዕግሥት የሚያስፈልገው የሌንስትራ ኤሊፕቲክ ከርቭ ዘዴ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ከርቭ አካፋዩን ለማግኘት የሚደረግ አንድ የዕድል ሙከራ ነው። ይህን ዘዴ በሚያስኬደው ጂኤምፒ-ኢሲኤም ፕሮግራም ባለ 25 አሃዝ አካፋይ ለመፈለግ ቢ1ን (የፍለጋውን ገደብ) 50000 አድርጎ 214 ገደማ ከርቭ፣ ለባለ 30 አሃዝ ደግሞ በ250000 ቢ1 430 ገደማ ማስኬድ ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶም አካፋዩ የማምለጥ ዕድሉ 37 በመቶ ያህል ስለሆነ፣ «አልተገኘም» ማለት «የለም» ማለት አይደለም። ለባለ 100 አሃዝ ቁጥር 30 አሃዝ ላይ ማቆም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ መቆየት ከወንፊቱ ጊዜ ጋር ሲመዛዘን አያዋጣም። የተሠራውን ከርቭ ብዛት መዝግቡ፤ አለዚያ ሌላው የቡድኑ አባል ያንኑ ይደግማል። ቁጥሩ በአሃዝ ብዛት የሚቀራረቡ የሁለት ፕራይሞች ብዜት መሆኑ አስቀድሞ ከታወቀ ይህን ደረጃ ዝለሉት።

ከዚያ ያፉ በተባለው ፕሮግራም ኳድራቲክ ሲቭ ይቀጥላል። በየ3 አሃዙ ጊዜው እጥፍ ገደማ ስለሚሆን፣ ከ100 አሃዝ በላይ ነምበር ፊልድ ሲቭ የተባለውን ሌላ ወንፊት የሚያስኬደው ካዶ-ኤንኤፍኤስ ፕሮግራም ይሻላል። ለመበተን ፈተና የቀረበው ባለ 250 አሃዙ ቁጥር አርኤስኤ-250 በየካቲት 2020 እ.ኤ.አ. የተበተነው በዚሁ ነው፤ ወደ 2700 የኮር-ዓመት (አንድ የፕሮሰሰር ኮር በአንድ ዓመት የሚሠራው ሥራ) ፈጅቷል።

ወንፊቱ ሁሉንም ኮር ስለሚያስጨንቅ በአዳማ ቀትር ላፕቶፕ ይግላል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል፤ ሌሊት ማስኬዱ ይመረጣል። ያፉ ያገኘውን በፋይል ስለሚያስቀምጥ፣ መብራት ቢጠፋ ከዚያው ፎልደር ያንኑ ቁጥር ማስጀመር ነው። ለእያንዳንዱ ቁጥር የራሱ ፎልደር ይኑረው። በመጨረሻ አካፋዮቹን አባዙና ከቁጥሩ ጋር አመሳክሩ፤ እያንዳንዱም ፕራይም መሆኑን ፈትሹ።