የሬጂስትራር ቀንና የሐይቁ ቀን

ነሐሴ አጋማሽ፣ ባሕር ዳር

ጣና በዚህ ሰሞን ቡናማ ነው። የርብና የጉማራ ወንዞች ደለላቸውን እያጋዙ ይገባሉ። ሐይቁ እየሞላ ሄዶ መስከረም ገደማ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ከዚያ እስከ ግንቦትና ሰኔ ይጎድላል። ማስተርስ ሊያመለክቱ ፋይል ታቅፈው በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች፣ ከፔዳ ፖሊ የሚመላለሱትም የሚበዙት በክረምቱ መውጫ ነው። ሁለቱ አብረው የሚታሰቡኝ ያለ ምክንያት አይደለም፤ በሐይቁ ላይ ቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ሊሠራ ያሰበን ሰው ብዙ ጊዜ ጉድ የሚሠራው የሬጂስትራሩ ቀንና የሐይቁ ቀን አለመግጠሙ ነው።

ብዙ ሰው ምርምር ኢንስቲትዩት ራሱ ተማሪ የሚቀበል ይመስለዋል። የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት ዋና መሥሪያ ቤቱ እዚሁ ከተማ ነው፣ በሥሩም የዓሣና የውሃ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለው፤ ዲግሪ ግን አይሰጥም። የሚመዘግበውም የሚያስመርቀውም ዩኒቨርሲቲ ነው። ከምርምር ማዕከል የሚጠበቀው ረዳት አማካሪ፣ ቢበዛ ደግሞ የመስክ ዕቃና የቆየ መረጃ ነው፤ እሱም በዲፓርትመንት ደብዳቤ እንጂ በትውውቅ ባይጠየቅ ይሻላል። በትውውቅ የተገኘ መረጃ ቴሲሱ በፈታኞች ፊት በሚቀርብበት ዲፌንስ ላይ «ከየት አመጣኸው?» ሲባል መልስ የለውም።

ወረቀቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን የሚያሰናክለው ሁሌ ያው ስለሆነ ልጻፈው። ከ2016 የትምህርት ዘመን ወዲህ ትምህርት ሚኒስቴር የሚሰጠው የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና፣ ጋት የሚሉት፣ ይቀድማል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከሬጂስትራር ወደ ሬጂስትራር በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄደው፤ ባለቤቱ «ልየው» ብሎ ከከፈተው አበቃለት። የወጪ መጋራት ዕዳው ያልተዘጋ ሰው እጁ ላይ ያለው ቴምፖ (ጊዜያዊ ዲግሪ) እና ስቱደንት ኮፒ ብቻ ነው፣ ዋናው ዲግሪ ዕዳው ሲከፈል ነው የሚወጣው። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ የስፖንሰር ደብዳቤ ያስፈልገዋል። ደብዳቤው የኃላፊ ፊርማ ይጠብቃል፣ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነው። ማመልከቻ ሳይከፈት ከወር በፊት መጀመር ያለበት ይኼኛው ነው።

ወደ ውጭም ለሚያመለክት ስምና ዓመት ይከብዳሉ። «ፀጋዬ» በአንዱ ወረቀት ላይ «ቲ ኤስ»፣ በሌላው «ቲ» ብቻ ሆኖ ሲጀምር፣ ፋይሉን ለሚያየው ሰው ሁለት ሰው ነው። ሁሉም ነገር ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይግጠም። ዓመቱን ስንለውጥ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 እንደምራለን። በሐምሌ 2013 የተመረቀ ሰው በፈረንጅ የተመረቀው 2021 ላይ ነው፤ ፎርሙ ላይ 2013 ብሎ ከተወው ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል።

ይኼ ሁሉ ተሟልቶም የሚቀረው ፕሮፖዛሉ ነው።

ከእምቦጭ እንጀምር፤ ሁሉም የሚያነሳው እሱን ነው። አረሙ ጣና ላይ የተመዘገበው በ2004 ሲሆን፣ «ስፋቱን በሳተላይት እለካለሁ» የሚል ፕሮፖዛል ከዚያ ወዲህ ሞልቷል። የላንድሳት ምስል አንዷ ነጥብ 30 ሜትር በ30 ሜትር ናት፣ ማለትም 900 ካሬ ሜትር። ዳር ዳሩን የተዘረጋ ቀጭን አረም እዚያች ነጥብ ውስጥ ከውሃው ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። ሴንቲነል ሁለት 10 ሜትር ስለሆነ ይሻላል፣ ግን ደመና አልፎ አያይም፤ ክረምቱን ሙሉ ምስሉ ነጭ ነው። ደመና አልፎ የሚያየው የሴንቲነል አንድ ራዳር ነው። ሌላው ጣጣ ደንገሉም፣ የፎገራ ሩዝም አረንጓዴ መሆናቸው ነው። እምቦጩን ከእነሱ ለመለየት መሬት ወርዶ በጂፒኤስ ነጥብ መያዝ የግድ ነው፣ ያውም ምስሉ በተነሳበት ሰሞን። አረሙ ተንሳፋፊ ነው፤ ነፋስ በአንድ ሌሊት ከነበረበት ሊወስደው ይችላል። በጥር የተያዘ ነጥብ የኅዳርን ምስል አይመሰክርም።

የሐይቁን ከፍታ የመረጠ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ጨራጨራ ላይ ያለው የአባይ መውጫ መቆጣጠሪያ በ1988 ተሠራ፤ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ በ2002 ሥራ ሲጀምር ውሃው በዋሻ ወደ በለስ መሄድ ጀመረ። የ50 ዓመት ልኬት በአንድ መስመር ሰፍቶ «የአየር ንብረት ለውጥ» የሚል ተማሪ፣ ሰው የከፈተና የዘጋውን በር ለሰማይ እየሰጠ ነው። መረጃው ቢያንስ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ይታይ። የጎደሉ ወራትም በአማካይ አይሞሉም፣ መጉደላቸው ይጻፋል።

ሐይቁ ላይ የሚለካም ይኑር ካልን፣ ሰዓት ትልቅ ነገር ነው። በውሃ ውስጥ ያለ ኦክስጅን ማለዳ ዝቅ ይላል፣ ቀን አረንጓዴው ነገር ፀሐይ ሲያገኝ ይወጣል። አንዱን ጣቢያ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ሌላውን 7 ሰዓት ለክቶ «ልዩነት አገኘሁ» የሚል ሰው የለካው ሰዓቱን ነው። ከሰዓት ነፋሱ ስለሚነሳ ጀልባ ነጂውም አይወድም።

ግን ቀኑ ጨርሶ የማይጠብቀው ዓሣው ላይ ነው። ጣና ከ15 የማያንሱ የላቤዎባርበስ ዝርያዎች አሉት፤ በርካቶቹ እንቁላል ለመጣል ከሐምሌ እስከ ጥቅምት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ይወጣሉ። የአጥማጁ መረብም የወንዙ አፍ ላይ ይጠብቃቸዋል። ይህን የሚያጠና ተማሪ በዚያ ወቅት በየሳምንቱ ወንዙ አፍ ላይ መገኘት አለበት፣ እንቁላሏ የበሰለችውን ካራገፈችው ለይቶ መመዝገብ አለበት። መረቡም ባለ አንድ ዓይነት ዓይን ከሆነ የሚይዘው አንድ መጠን ብቻ ነው፣ ትንንሾቹ ያልፋሉ።

አሁን ቁጠሩት። ምዝገባው ኅዳር ላይ ቢጀምር የዘንድሮው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተመልሷል። የመጀመሪያው ዓመት ኮርስ ነው፣ ሐምሌ ሲመጣ ፈተና ላይ ነው። ፕሮፖዛሉን እስከ ግንቦት ያስጸደቀ፣ የመስክ ገንዘቡን ሰኔ ላይ ያስፈቀደ፣ ያንን ሐምሌ ይይዘዋል። አማካሪው ዕረፍት ሲወጣ ያልተፈረመለት ግን መረቡን የሚዘረጋው በሁለተኛው ዓመት ማብቂያ፣ ጓደኞቹ ዲፌንስ በሚያደርጉበት ወር ነው።