ፋብሪካችን ወደ ሜክሲኮ ሲዛወር የመንግሥትን ድጋፍ እንዴት አገኘሁ?

እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ እሠራበት የነበረው የመኪና ዕቃ ፋብሪካ ምርቱን ወደ ሜክሲኮ እንደሚያዛውር በደብዳቤ አስታወቀን። በ1988 የወጣው ሕግ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ከመዝጋቱ በፊት የ60 ቀን ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ስለሚያስገድድ፣ ቢያንስ የምንዘጋጅበት ጊዜ ነበረን። ይሁን እንጂ አብዛኞቻችን የምናውቀው ድጋፍ አንኢምፕሎይመንት የምንለውን የሥራ አጥ ክፍያ ብቻ ሲሆን፣ ደብዳቤውም ከዚያ ያለፈ ነገር አላነሣም። ምርቱ ወደ ውጭ አገር ስለሄደበት ሠራተኛ ራሱን የቻለ ፕሮግራም እንዳለ የሰማሁት ከአንዲት የሥራ ማእከል ባልደረባ ነው።

ፕሮግራሙ የንግድ ማስተካከያ ድጋፍ፣ በአጭሩ ቲኤኤ ይባላል። በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ዘመን፣ በ1962 በወጣው የንግድ ማስፋፊያ ሕግ ተጀምሮ በ1974ቱ የንግድ ሕግ ሰፋ። አሠራሩን ከሌሎች ድጋፎች የሚለየው፣ ግለሰቡ ከማመልከቱ በፊት የሥራ ቦታው በቡድን ደረጃ መፈቀድ የነበረበት መሆኑ ነው። አቤቱታውን ሦስት ሠራተኞች፣ የሠራተኛ ማኅበሩ፣ አሠሪው ወይም የክልሉ የሥራ መሥሪያ ቤት ለፌዴራሉ የሠራተኛ መምሪያ ማቅረብ ይችሉ ነበር። እኛ ዘንድ ማኅበር ስላልነበረ፣ ከእኔ ፈረቃ ሁለት ሴቶችን አግባብቼ ሦስታችን ፈረምን።

ቅጹ አጭር ነበር፤ ክብደቱ ያለው ሥራችን የጠፋው በውጭ ንግድ ምክንያት ነው ብለን የምናምነው ለምን እንደሆነ በሚጠይቀው ክፍት ቦታ ላይ ነበር። ብዙ ሰው እዚያ ላይ «ኩባንያው ወደ ሜክሲኮ ሄደ» ብሎ ያልፍ ነበር። እኛ ግን የትኛው መስመር በየትኛው ወር እንደቆመ፣ ከውጭ የመጡ ቴክኒሻኖች አሠራራችንን በቪዲዮ የቀረጹት መቼ እንደነበረ፣ እንዲሁም ማሽኖቹ ተፈታተው በእንጨት ሣጥን ሲታሸጉ ሣጥኖቹ ላይ የተለጠፈው አድራሻ ሞንቴሬይ የተባለችው የሜክሲኮ ከተማ መሆኑን በዝርዝር ጻፍን። የመምሪያው መርማሪዎች የምርትና የሽያጭ መረጃ ከአሠሪው በሚስጥር ይጠይቁ ነበር፤ አሠሪው ቢያንገራግር መጥሪያ የማውጣት ሥልጣን ነበራቸው። ሠራተኛው የኩባንያውን መዝገብ የማግኘት ግዴታ አልነበረበትም ማለት ነው፤ የሚጠበቅበት መርማሪው የት መፈለግ እንዳለበት ማሳየት ነበር። በእኔ አስተያየት ከሁሉ የበለጠ የጠቀመን የአድራሻው ጉዳይ ነው።

ፈቃዱ ሲወጣ የሸፈነው እኛን ፈራሚዎቹን ብቻ አልነበረም። አቤቱታው ከቀረበበት ቀን አንድ ዓመት ወደ ኋላ፣ ፈቃዱ ከተሰጠበት ደግሞ ሁለት ዓመት ወደ ፊት ባለው ጊዜ ውስጥ የተቀነሰ የቡድኑ ሠራተኛ ሁሉ ይካተት ነበር። ስለዚህ ቀደም ብለው የተሰናበቱትን እየደወልን ፈለግናቸው፤ አንዳንዶቹ ከተማ ቀይረው ስለነበር የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ አልደረሳቸውም።

ከዚያ በኋላ ያለው የየግል ጉዳይ ነው፤ ሰው የሚወድቀውም እዚህ ላይ ነው። ፕሮግራሙ ለሚሠለጥን ሰው የሚሰጠውን ሳምንታዊ ክፍያ ለማግኘት ከሥራ ከተቀነሱበት ወይም ፈቃዱ ከወጣበት፣ ከሁለቱ ከዘገየው ቀን ጀምሮ በ26 ሳምንት ውስጥ ሥልጠና መመዝገብ ወይም ከግዴታው ነጻ የሚያደርግ ወረቀት በእጅ መያዝ ያስፈልጋል። የኮሌጅ ምዝገባ በሴሚስተር ስለሚከፈት 26 ሳምንት የሚመስለውን ያህል ረጅም አይደለም። እኔ የኢንዱስትሪ ማሽን ጥገና ለመማር ስወስን፣ የሥራ ማእከሉ አማካሪ ሥልጠናው በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኝ መሆኑን፣ ትምህርቱን የምችለው መሆኑንና ስጨርስ ሥራ የማገኝበት በቂ ተስፋ መኖሩን ማረጋገጥ ነበረባት። በአካባቢው የወጡ የሥራ ማስታወቂያዎችን ከነደመወዛቸው አትሜ ይዤላት ሄድኩ። እንግሊዝኛዬ ለኮሌጅ ንባብ ስለማይበቃም ቋንቋውን ማሻሻያው የሥልጠናው አካል ሆኖ እንዲጻፍልኝ ጠየቅሁ፤ ሕጉ ይህን ይፈቅዳል፣ ሳይጠየቅ የሚያነሣው ግን ብዙ አይደለም።

ሳምንታዊው የቲኤኤ ክፍያ ከሥራ አጥ ክፍያው ጋር እኩል ነው፤ እሱ ሲያልቅ ይጀምርና፣ ሁለቱ ተደምረው ሙሉ ጊዜውን ለሚማር ሰው እስከ 130 ሳምንት ሊደርሱ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ 13 ሳምንታት የሚፈቀዱት ትምህርቱን በዕቅዱ መሠረት እየተከታተለ ላለ ሰው ነው። ለቤተሰብ አስተዳዳሪ ዋናው ወጥመድ የበጋው (የሰመር) ዕረፍት ነው፤ ከ30 ቀን በላይ ለሚዘልቅ ዕረፍት ክፍያ የለም። የሴሚስተሩን መርሐ ግብር ከመፈረሜ በፊት አይቼ በበጋው ኮርስ እንዲኖረኝ ያስደረግሁት ለዚህ ነው፤ የቤት ኪራይ በዕረፍት አይቆምምና።

ሥልጠና ለሁሉም ትክክለኛ ምርጫ ነው ብዬ አልከራከርም። ጋሼ የምንላቸው፣ ስልሳ ሊደፍኑ የተቃረቡ የሥራ ባልደረባችን «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር ፈተና ልቀመጥ?» ብለው ሳቁ። እሳቸው በቶሎ ዝቅ ባለ ደመወዝ ሌላ ሥራ ያዙ። ዕድሜው 50 ለሞላና በአዲሱ ሥራ በዓመት ከ50,000 ዶላር በላይ ለማያገኝ ሠራተኛ ግን፣ ፕሮግራሙ በቀድሞውና በአዲሱ ደመወዝ መካከል ያለውን ልዩነት ግማሹን ይከፍል ነበር፤ ጣሪያው በሁለት ዓመት ውስጥ 10,000 ዶላር ነበር። ለእሳቸው ይህ ከዲፕሎማ ይሻል ነበር፤ ስሌቱን አብረን ወረቀት ላይ ሠርተነዋል።

ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው ማወቅ ያለበት ትልቅ ለውጥ አለ። ኮንግረስ ፕሮግራሙን ስላላደሰው ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ የሠራተኛ መምሪያው አዲስ የቡድን ፈቃድ አይሰጥም፤ ቀደም ብለው የተፈቀደላቸውና ከዚያ በፊት ከሥራ የተቀነሱ ግን መብታቸው ይቀጥላል። አሁን ለሚቀነስ ሠራተኛ የቀረው ዋና በር በ2014ቱ የሥራ ኃይል ሕግ ሥር ያለው፣ ከሥራ ለተፈናቀሉ የሚሰጠው ድጋፍ ነው። እዚህ የቡድን አቤቱታ አያስፈልግም፤ የመሰናበቻውን ደብዳቤና የደመወዝ ወረቀቶችን ይዞ በአቅራቢያው ወዳለው የአሜሪካ የሥራ ማእከል መሄድ ይበቃል። የሥልጠናው ገንዘብ ግን በየአካባቢው የሥራ ኃይል ቦርድ በጀት የተወሰነ ነው፤ እንደ ቲኤኤ የሥራ አጥ ክፍያው ካለቀ በኋላ የሚቀጥል ሳምንታዊ ክፍያም ብዙ ጊዜ አያስገኝም። በዚህ ምክንያት ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመክረው፣ የሥራ አጥ ክፍያው ሳያልቅ የሚጠናቀቅ አጭር የሙያ ምስክር ወረቀት እንዲመርጡና ወደ ማእከሉም ማስጠንቀቂያው በደረሳቸው ሳምንት፣ ገና ሥራ ላይ እያሉ እንዲሄዱ ነው።