ሁለት ባንዲራ የያዘው ሰው

ከእንግሊዝ በመርከብ ወደ አውስትራሊያ የተላኩ ብዙ ሕፃናት «ወላጅ አልባ» ይባሉ እንጂ የብዙዎቹ ወላጆች በሕይወት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1912 በምዕራብ አውስትራሊያ ፒንጃራ ከተማ አጠገብ የተከፈተው የፌርብሪጅ የእርሻ ትምህርት ቤት አንዱ መድረሻቸው ነበር። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2009 ይቅርታ ጠየቀ።

እንዲህ ያደገ ሰው በትንሽ ከተማ የአውስትራሊያ ፉትቦል ሜዳ የጎል ዳኛ (ምሰሶዎቹ አጠገብ ቆሞ ነጥቡን በባንዲራ የሚያሳውቅ) ቢሆን ሥራው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። በየሜዳው ጫፍ ካሉት አራት ምሰሶዎች መካከለኞቹ ሁለቱ 6.4 ሜትር ይራራቃሉ። በመካከላቸው ንጹሕ ምት 6 ነጥብ ነው፣ ምሰሶውን ከነካ ግን 1 ብቻ። ኳሱ ከፍ ብሎ ሲመጣ ዳኛው ከሥሩ ካልገባ ከጎን ሆኖ ያየው ያታልለዋል። የሜዳው ዳኛ ሳይፈቅድ ባንዲራ አይነሣም፦ ለጎል ሁለት፣ ለ1 ነጥብ አንድ። ነጥቡን በውጤት መመዝገቢያ ካርዱ ላይ ወዲያው ካልጻፈ ደግሞ በሩብ ጨዋታ እረፍት ከማዶኛው የጎል ዳኛ ጋር ውጤቱ አይገጥምም፤ ያኔ ጭቅጭቅ ነው።