ጥበቡ ከተጣመመ ቀሚሱ አይሸጥም

ጎንደር ላይ ሞዴል ፈልጎ የሚደውለው በአብዛኛው የሀበሻ ልብስ ነጋዴ ነው። ከእሱ ቀጥሎ የሙሽራ ሜካፕ ቤቶች፣ አልፎ አልፎም ሆቴሎች ይመጣሉ። በፋሽን መድረክ ብቻ እዚህ ከተማ እንጀራ መብላት ይከብዳል። ስለዚህ ለአረማመድ ልምምድ ከምታጠፉት ጊዜ ግማሹን ሸማ ለማወቅ ብታውሉት ያዋጣችኋል።

ከአቋቋም እንጀምር። ክብደትን ባንድ እግር ጥሎ ዳሌን ወደ ጎን ማውጣት ለጂንስ ያምራል። ሀበሻ ቀሚስ ላይ ግን ከደረት እስከ ታች የሚወርደው ጥበብ ዳሌ ጋ ሲደርስ ይጎብጣል፤ ገዢዋ የምታየው ጠማማ ስፌት ነው፣ ስሙ የሚነሳውም የሰፊው። በሁለቱም እግር እኩል ቁሙ፣ አንዱን ትንሽ ወደ ኋላ ሳቡት፣ የሚዞረው ትከሻ ብቻ ይሁን። እጃችሁንም ጥበቡ ላይ አታሳርፉ፤ ለሽያጭ የቀረበው እሱ ነው።

ነጠላ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ጥለቱ ወደ ላይ ዞሮ አንገት ላይ ከዋለ የሀዘን አለባበስ ነው። ፎቶግራፈሩ «ቀለሙ ፊትሽን ያደምቀዋል» ብሎ ቢለምን እንኳ እሺ አትበሉ። ለሰርግ በቀረበ ቀሚስ ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ቢለጠፍ፣ ነጋዴው ጋ መጀመሪያ የሚደርሰው ትእዛዝ ሳይሆን የእናቶች ቁጣ ነው። መስቀለኛ ለቤተ ክርስቲያን ነው፣ ማደግደግም ለአክብሮትና ለመስተንግዶ። የቡና ማፍያ ትዕይንት ካለ ወገብ ላይ ማሰሩ ያምራል፤ ለሙሽራ ግን አይሆንም።

ስስ ሸማ ከኋላው ፀሐይ ሲያርፍበት ውስጡን ያሳያል። ብዙዎች ነጭ የውስጥ ልብስ ይደበቃል ብለው ይለብሳሉ፤ ነጭ በነጭ ሥር ጎልቶ ይታያል። የሚደበቀው ከቆዳችሁ ቀለም ጋር የሚቀራረበው ነው። አንድ እንዲህ ያለ ሙሉ የውስጥ ቀሚስ ሁልጊዜ ቦርሳችሁ ውስጥ ይኑር። ቀሚሱን በራስ በኩል ስታጠልቁ ፊታችሁን በስስ ሻሽ ሸፍኑ፤ የቀሚሱን አንገት የነካ ፋውንዴሽን እዚያው ቦታ ላይ በቀላሉ አይለቅም። ሹሩባ በተሠራችሁ ማግስት ደግሞ ቅቤ የነካው ፀጉር ትከሻ ላይ ምልክት ስለሚተው ሂሳቡ ከእናንተ ሊቆረጥ ይችላል። ፍላሽ የሚጠቀም ስቱዲዮ ከሆነ ፀሐይ መከላከያ ያለበት ፋውንዴሽን ተዉ፤ ውስጡ ያለው ዚንክ ኦክሳይድ ወይም ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ብርሃኑን መልሶ ፊትን አመድ ያስመስለዋል።

የፋሲል ግቢ ግንብ ጀርባ ሲሆን ሁሉም ይወደዋል፣ ግን ከተማዋ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናትና የቀትር ፀሐይዋ ለነጭ ልብስ ክፉ ነው። ካሜራው ለፊት ሲስተካከል ቀሚሱ ይነጣል፣ ለቀሚሱ ሲስተካከል ፊት ይጠቁራል። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ይሻላል። ቀትር ላይ ግድ ከሆነ በግንቡ ጥላ ጠርዝ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙሩ። ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፎቶዎች አንዱን ካሜራው ላይ አጉልታችሁ እዩ፤ የሸማው ክር ካልታየ ያኔውኑ ተናገሩ። ግቢው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የተመዘገበ ቅርስ ስለሆነ፣ የንግድ ቀረጻ ፈቃድ ጉዳይን ነጋዴው አስቀድሞ ይጨርስ። እናንተ በር ላይ ቆማችሁ የምትከራከሩበት ነገር አይደለም።

ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጭ ኤጀንሲ የምትልኩት ፎቶ ሌላ ነው፤ ዲጂታል ይሉታል። ሜካፕ የለም፣ ፀጉር ወደ ኋላ ታስሮ፣ ጥቁር ጠባብ ካናቴራና ሱሪ፣ ባዶ ግድግዳ፣ የመስኮት ብርሃን። ፊት ለፊት፣ ጎን፣ ጀርባና ሙሉ ቁመት ይበቃል። ስልኩ በደረት ከፍታ፣ ከ2 እስከ 3 ሜትር ርቆ ይያዝ። ቀርቦ ሲነሳ አፍንጫ ይተልቃል፣ 0.5 የሚለው ሌንስ ደግሞ እግርን ይጎትታል። በቴሌግራም በፋይል መልክ ላኩ፤ በፎቶ መልክ ሲላክ ጥራቱ ይወርዳል። ቁመት ያለ ጫማ ይለካ፣ ደረት፣ ወገብና ዳሌ በልብስ ሰፊ ሜትር። ሁለት ሴንቲ ሜትር መጨመር ጥቅም የለውም፤ እዚያ ስትደርሱ መልሰው ይለኳችኋል። የውጭዎቹ ለመድረክ ብዙውን ጊዜ ከሴት 1.75፣ ከወንድ 1.85 ሜትር ገደማ ይፈልጋሉ። የጎንደር ነጋዴ ይህን አይጠይቅም።

ኤጀንሲ የሚያገኘው ከክፍያችሁ በሚቆርጠው ኮሚሽን ነው፤ ውጭ አገር 20 በመቶ የተለመደ ነው። «መመዝገቢያ» ብሎ አስቀድሞ ብር የሚጠይቅ ከእናንተ ኪስ እንጂ ከሥራው አይደለም የሚኖረው። ፓስፖርት ልያዝላችሁ የሚል ደላላ ከዚህም ይብሳል። ወደ ሱዳን በሚያሻግረው በመተማ በኩል የሚኬድበት የሞዴል ሥራ ደግሞ የለም።

ስምምነቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል፤ ስንት ቀሚስ፣ ፎቶው የት የት እንደሚወጣ፣ ለስንት ወር፣ ክፍያው መቼ። ግማሹን ቀድሞ መቀበል ነውር አይደለም። ለቴሌግራም ቻናል የተስማማችሁበት ፎቶ መንገድ ላይ ባነር ሆኖ ሲሰቀል ጭቅጭቅ የሚነሳው «የት» የሚለው ስላልተጻፈ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 ያለ ሰውየው ፈቃድ ፎቶውን በአደባባይ ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል፤ ስለዚህ የምትፈርሙት ነገር ዋጋ አለው። የቆዳ ቀለም በኤዲቲንግ እንዳይነጣም አንድ መስመር ጨምሩ። ብዙዎች ይህን ማንሳት ያፍራሉ፤ እኔ ከክፍያው እኩል አየዋለሁ።

ሥራው የሰርግንና የበዓልን ወቅት ይከተላል። ጥምቀት ጥር 11 ቢሆንም ቀሚስ ተሰፍቶ መድረስ አለበትና ቀረጻው ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ነው፤ ጥር ራሱ የሙሽራ ሜካፕ ቤቶች ወር ነው። በዐቢይ ጾም ሰርግ ስለሌለ ስልኩ ዝም ይላል። ዲጂታላችሁን ያኔ አድሱ፣ ከጆሮ በላይ ያለውን ፀጉርም ከሹሩባ አሳርፉት፤ መጀመሪያ የሚሳሳው እሱ ነው።