ተቺዎች የናቁት ቦርዶ ሐዋሳ ላይ ሲከፈት

ታዋቂው የፈረንሳይ ወይን ጠጅ አካባቢ፣ የቦርዶ ጠርሙስ ላይ 2004 የሚል ካነበባችሁ በእኛ አቆጣጠር በመስከረም 1997 ገደማ የተለቀመ ወይን ነው። የቦርዶ 2004 ዕድል የጎደለው ዓመት ነው። ከኋላው በሙቀቱ የሚታወሰው 2003፣ ከፊቱ ደግሞ ሁሉም ያጨበጨበለት 2005 ስለቆሙ መሃል ላይ ተረስቶ ቀረ። ቀዝቀዝ ያለ ዓመት ነበር፣ ምርቱም ብዙ። በወጣትነቱ አፍ የሚያደርቅ፣ ኮስታራ ወይን ጠጅ ነበርና ብዙ ተቺ ቀምሶት አለፈ።

ተቺዎች ለወይን ጠጅ ነጥብ የሚሰጡት እንዴት እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። ቦርዶ ላይ ተቺዎች የሚቀምሱት ከለቀማው በኋላ ባለው ሚያዝያ አካባቢ ነው፤ ወይን ጠጁ ገና በርሜል ውስጥ ነው፣ ዕድሜውም ስድስት ወር ቢሆን ነው። ጠጅን በጥንስሱ እንደመፍረድ ቁጠሩት። በዚያ ዕድሜ ጎልቶ የሚሰማው ታኒን ነው፦ ብዙ የቆየ ሻይ ወይም ያልበሰለ ሙዝ አፍ ላይ የሚያደርገው ያ መጨማደድ። ታኒኑና ቀለሙ በዓመታት ውስጥ እርስ በርስ እየተጣበቁ ይከብዱና ጠርሙሱ ግርጌ ይዘቅጣሉ። አተላው እሱ ነው። ወይን ጠጁ እየለሰለሰና ቀለሙ እየሳሳ የሚሄደውም ለዚህ ነው።

ይህ ማለት ግን የተናቀ ሁሉ ይሻሻላል ማለት አይደለም። ኮስታራነት በጊዜ ይለሰልሳል፤ ጥሬነት አይለሰልስም። ካበርኔ ሶቪኞን የሚባለው የቦርዶ ቀይ የወይን ዝርያ ሳይበስል ከተለቀመ ቃሪያ ቃሪያ ይሸታል፣ ሽታው ከሃያ ዓመት በኋላም ሙሉ በሙሉ አይለቅም። ውሃ ውሃ የሚል ወይን ጠጅም ሲያረጅ ያው ውሃ ውሃ ነው። ስለዚህ «ደካማ ዓመት» ሲባል መጠየቅ ያለበት በምን እንደደከመ ነው።

ሐዋሳ ላይ ግን ከዓመቱ ይልቅ አቀማመጡ ነው ብዙ ጠርሙስ የሚያበላሸው። ለእርጅና የሚስማማው ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ነው፤ በበጋ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቤቱ ሙቀት በቀላሉ 27 ይደርሳል። ሳሎን ቡፌ ውስጥ ለዕይታ ቆሞ የኖረ ጠርሙስ ሁለት በደል ደርሶበታል፦ ሙቀቱና የደረቀው ቡሽ። ቡሹ እንዳይደርቅ ጠርሙሱ መጋደም አለበት። ፍሪጅ አናት ላይ ማስቀመጥ ከሁሉም ይከፋል፣ ሙቀትም መንቀጥቀጥም አለውና። ከመክፈታችሁ በፊት ወደ ብርሃን አንሱትና የወይን ጠጁን ከፍታ እዩ። የሃያ ዓመት ወይን ጠጅ አንገቱ ሥር ቢወርድ ያለ ነው፤ ትከሻው መሃል ከደረሰ ጠርጥሩ። ቡሹ ወደ ላይ ገፍቶ ከሆነ ወይም አንገቱ ላይ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ከደረቀ፣ ሙቀት ጎብኝቶታል።

ከመጠጣቱ ሁለት ቀን በፊት አቁሙት፣ አተላው ይውረድ። በዕለቱ ሳታንቀጠቅጡ ለአንድ ሰዓት ያህል ፍሪጅ ውስጥ አቁሙት፤ 16 ወይም 17 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ይጠጣል። ሽፋኑን ከከንፈሩ በታች ቆርጣችሁ አንሱ፣ ሻጋታ ቢኖር በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። መንቀያውን ቀጥ አድርጋችሁ መሃል ላይ እስከ መጨረሻው አስገቡ፤ አሮጌ ቡሽ የሚሰበረው በአብዛኛው መንቀያው ግማሽ መንገድ ላይ ሲቀር ነው። ከተሰበረ አትታገሉት፣ ወደ ውስጥ ግፉትና በፈላ ውሃ በታጠበ ንጹሕ ሻሽ አጥሉት። በሳሙና ወይም በበረኪና የታጠበ ጨርቅ ግን የሃያ ዓመት ሽታ በአንድ ጊዜ ይገድላል።

ሲገለበጥ ሻማ ወይም የስልክ መብራት ከአንገቱ ጀርባ አድርጉ። የቦርዶ ጠርሙስ ትከሻው ቀጥ ያለ ነውና አተላውን ይይዛል። ወደ መስታወት ጆግ በአንድ ትንፋሽ፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ፤ ደመና የመሰለ ነገር ትከሻው ላይ ሲታይ አቁሙ። ከ750 ሚሊ ሊትሩ ሃምሳ ስልሳው ቢቀር አትሰስቱ፣ መራራ ነው።

ቅምሻው ቡና ከሚቆላበትና ዕጣን ከሚጨስበት ክፍል ራቅ ይበል። ብርጭቆውን ሲሶ ያህል ብቻ ሞልታችሁ ነጭ ወረቀት ላይ አዘንብሉት፦ ጠርዙ ወደ ሸክላ ቀለም ካደላ እርጅናው ጤነኛ ነው። መጀመሪያ ሳታሽከረክሩ አሽትቱ። የታፈነ፣ የአሮጌ ቁም ሳጥን ዓይነት ሽታ ከመጣ ሩብ ሰዓት ጠብቁት፣ ብዙ ጊዜ ይለቃል። የረጠበ ካርቶን ሽታ ግን እየቆየ ይብሳል፤ ያ የቡሽ ብልሽት ነው፣ መድኃኒት የለውም። አቼቶ የሚሸት ከሆነም እንዲሁ። የተቀቀለ ማርማላታ ከሸተተ ሙቀት በልቶታል፤ ዓመቱን አትክሰሱ። ጤነኛው ቆዳ፣ ትምባሆ፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ የደረቀ ፕሪም፣ ዝናብ የነካው አፈር ያስታውሳል። አንዳንዴም እንጉዳይ።

ጊዜ ታኒን ላይ የሠራውን ለማየት ባቱ የሚጠመቀውን የሪፍት ቫሊ ካበርኔ ሶቪኞን ጎን ለጎን ቅመሱ። ዝርያው ያው የቦርዶ ነው፣ ወጣትነቱ ድድ ላይ ይታወቃል።

ምግቡ ላይ ሐዋሳ ትፈትናለች። ሐይቁ ዳር ባለው የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ከተጠበሰ አሳ ጋር አታቅርቡት፤ ቀይ ወይን ጠጅ ውስጥ ያለው ብረት ከአሳው ስብ ጋር ሲገናኝ አፍ ላይ ብረት ብረት የሚል ጣዕም ይተዋል። ዶሮ ወጥና ሚጥሚጣም ይውጡታል። በጨውና በሮዝመሪ ብቻ የተጠበሰ የበግ ሥጋ ይበቃዋል። ጠረጴዛው ላይ አራት ሰው ይኑር፣ ቡሹን መልሳችሁ ለነገ አታስቀምጡት፤ እንዲህ ያረጀ ወይን ጠጅ ከተከፈተ በሁለት ሰዓት ውስጥ መዓዛው መሸሽ ይጀምራል።