ለወንድሜ ደመወዝ እከፍላለሁ

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ አዲስ አበባ ውስጥ የማያገባ ሰው ያለ አይመስልም። የእኔ ዓይነቷ ትንሽ ፎቶ ቤት የዓመት ቤት ኪራይዋን የምትሸፍነው በነዚህ ሳምንታት ነው። ሥራው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሙሽሪት ሜካፕ ስትሠራ ይጀመርና ማታ አዳራሽ ውስጥ ያልቃል። ካሜራ፣ ፍላሽ፣ ስታንድ፣ ሶፍትቦክስ (የፍላሹን ብርሃን የሚያለሰልሰው ትልቁ የጨርቅ ሳጥን)፣ የባትሪ ቦርሳ። ይሄን ሁሉ ተሸክሞ መሳቅም አለ፣ ምክንያቱም ፎቶ አንሺዋ ካኮረፈች ሙሽሮቹም ያኮርፋሉ። ብቻዬን አልቻልኩም።

እማዬ መፍትሔ አላጣችም። "ወንድምሽ ቤት ተጎልቶ ስልክ ከሚጎረጉር ይዘሽው ሂጂ" አለች። ስለ ክፍያ ማንም ምንም አላነሳም። ታላቅ እህቱ ነኝ፣ ምሳ እዚያው ይበላል፣ ታክሲውን እኔ እችላለሁ፣ አለቀ። ዙሪያዬን ሳይ አብዛኞቻችን የጀመርነው እንደዚህ ነው።

ወንድሜ ሰነፍ አይደለም። ግን ሠርግ ቤት ሲገባ ተጋባዥ ይሆናል። አንድ ቅዳሜ እንጦጦ ላይ ሙሽሮቹን ባሕር ዛፎቹ ሥር አቁሜያለሁ፣ ፀሐይዋ ልትገባ ነው፣ ያ ብርሃን ደግሞ ማንንም አይጠብቅም። ፍላሹን ከፍ አድርገው ልለው ዞር ስል ስታንዱ ብቻውን ቆሟል። እሱ ከሚዜዎቹ ጋር ሰልፊ ይነሳል። ወዲያው ንፋስ መጣ፣ ሶፍትቦክሱን እንደ ጃንጥላ ይዞት ሊሄድ ሲል አንደኛው ሚዜ ሮጦ፣ በዚያ ነጭ ሱፉ አቅፎ አስቀረልኝ።

ማታ ስናገረው "እኔ እኮ ልርዳሽ ብዬ ነው የመጣሁት" አለኝ።

ለዚህ መልስ የለውም። ሊረዳችሁ የመጣን ሰው "አረፈድክ" አትሉትም። "ቁጭ አትበል" አትሉትም። ውለታ የዋለላችሁ እሱ ነው፣ ባለዕዳዎቹ እናንተ ናችሁ። ከዘመድ ጋር ስለ መሥራት የማውቀው ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ ካልከፈላችሁ ማዘዝ አትችሉም። ደግሞም በነጻ አይደለም። ሶፍትቦክሱ ቢሰበር ከኪሴ ነበር፣ ያመለጠው ብርሃንም የእኔ ስም ነው።

ከሚቀጥለው ሠርግ በፊት ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ለባዳ የምከፍለውን የቀን ሒሳብ ለአንተም እከፍላለሁ፣ አንድ ብር አልቀንስም፣ አንድ ብርም አልጨምርም። ከተስማማን በኋላ መጀመሪያ የጠየቀኝ "ስንት ሰዓት እንነሳ?" ብሎ ነው። እማዬ ግን ተቀየመች። "ለወንድምሽ ደመወዝ? ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ ሲባል አልሰማሽም?" የቤተሰብ ሥራ አዲስ ነገር እንዳልሆነ ልነግራት ሞከርኩ። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን የዳግማዊ ምኒልክ ፎቶ አንሺ ነበር፣ ልጆቹም ሙያውን ወርሰው እስከ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ቤተ መንግሥት ውስጥ ፎቶ አንስተዋል። "እነሱ ቤተ መንግሥት ነበሩ" ብላ ዘጋችኝ።

ክፍያውን ሥራው ባለቀበት ማታ በቴሌብር እልካለሁ። ይሄ የሚሆነው ግን የረዳት ሒሳብ ከቀብዱ ላይ ቀድሞ ከተነሳ ነው። ደንበኛ ቀሪውን የሚከፍለው አልበሙን ሲረከብ ነው፣ አልበም የሚረከበው ደግሞ ከጫጉላ ተመልሶ፣ ቤት ዕቃ ገዝቶ፣ ትንፋሽ ሲያገኝ ነው። ረዳታችሁ እስከዚያ ጠብቅ ከተባለ በሚቀጥለው ቅዳሜ ስልኩ አይነሳም፤ ዘመድ ከሆነ ደግሞ ስልኩን ያነሳል፣ ግን ወሬው አክስት ጋ ደርሶ ተመልሶ ይመጣል።

የአክስቴ ልጅም አንድ ሰሞን አብራኝ ሠርታለች። 16 ዓመቷ ነው፣ ዓይኗ ለፎቶ የተፈጠረ ነው። አንድ ጠዋት ሙሽሪት ቬሎ ስትለብስ በስልኳ ቀርጻ፣ ሙሽራው ገና ሳይመጣ ቲክቶክ ላይ ለቀቀችው። የሙሽሪት እናት ሲደውሉልኝ ያለሁት ደረጃው ላይ ነበር። "ልጄ፣ ሙሽራው ሳያያት አገር አያት እኮ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 መሠረት የሰው ፎቶ ያለፈቃዱ ለሕዝብ አይታይም፣ ስለዚህ ነገሩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። አሁን ከእኔ ጋር የሚወጣ ሰው ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። ወንድሜም ጭምር። እሷን በተመለከተ ሌላም ጉዳይ አለ፤ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ (1156/2011) ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ወይም ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ መሥራት የለበትም። ሠርግ ደግሞ ሁለቱንም ያልፋል። አሁን ስቱዲዮ ውስጥ፣ ቀን ቀን፣ የፓስፖርት ፎቶና የልደት ታነሳለች።

ባዳ ቀጥሬም አይቻለሁ። አሁን አብሮኝ ያለው ልጅ ሌላ ፎቶ ቤት የሠራ ነው። የወደድኩት ካርድ አያያዙን አይቼ ነው። ባዶ ሜሞሪ ካርዶች ፊታቸው ወደ ላይ፣ የሞሉት ተገልብጠው፤ የሞላ ካርድ ሳጥኑ ውስጥ ሳይገባ ከእጁ አይወጣም፣ ሳጥኑም ቁልፍ ባለው የደረት ኪሱ ነው የሚውለው። ማንም ሳያዘው ከሠርጉ በፊት ባለው ማታ መብራት ሳይጠፋ ባትሪ ሁሉ ቻርጅ ላይ ነው። ሙከራውን በጽሑፍ ነው የተዋዋልነው፣ ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ቋሚ ሲሆን የጡረታው ነገር መጣ፣ 7 በመቶ ከእሱ 11 በመቶ ከእኔ። ደመወዝ ስታስቡ ይሄን አስገቡበት፣ ብዙዎች ይረሱታል። "ደንበኛሽን ይዞ ቢሄድስ?" የሚሉኝ አሉ። ይሂዳ። ደንበኛ ይዞ መሄድ ዘመድም ይችልበታል።

ዘመድን የሚተካ የሌለበት ቦታ ግን አለ። እህቴ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ስትቆም ማየት ነው። መቶ ሰው ሲጋፋ፣ "እማማ፣ ወደዚህ ጠጋ ይበሉ፣ እርስዎ መሐል ነው የሚያምርብዎት" ትላለች፣ የተኳረፉ አጎቶችን በዓይን ለይታ ለየብቻ ታቆማለች፣ የአባት ወገን አልቆ የእናት ወገን ሲጠራ ማንም ሳይቀየም መስመሩ ይዞራል። ቀሪ ሒሳብ የምትጠይቀውም እሷ ናት። እኔ "ችግር የለም፣ ሲመችህ" የምል ሰው ነኝ፤ እሷ ስቃ ትጠይቃለች፣ ስቃ ትቀበላለች። የእሷ ክፍያ በወር ነው፣ ጾምም ቢሆን።

ወንድሜ አሁንም በቀን ሒሳብ ነው የሚሠራው። ሰኔና ሐምሌ ደግሞ የራሱን የምረቃ ፎቶ ሥራ ይዟል፣ አሮጌውን ካሜራዬን ይከራየኛል፣ ሒሳቡን በሰዓቱ ይልካል። ሌንሱ ከተሰበረ ማን ይከፍላል የሚለው ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም።