ዶን ኪሆቴን ድሬ ላይ መድረክ ለማውጣት

ልብ ወለድን ወደ ቴአትር መመለስ የሚከብደው ጽሑፉ ላይ ነው የሚል ሰው ካለ፣ ቢሮ ደጅ ጠንቶ አያውቅም ማለት ነው።

ጽሑፉንማ በአጭሩ ልንገራችሁ። ዶን ኪሆቴ፣ የስፔናዊው ሰርቫንቴስ ልብ ወለድ፣ ሁለት ክፍል ነው። በፈረንጆቹ አንደኛው በ1605፣ ሁለተኛው በ1615 ወጣ። ምዕራፎቹ ተደምረው 126 ናቸው። ሁሉንም ላሳይ ካላችሁ ተመልካቹ እዚያው ያድራል። እኔ የነፋስ ወፍጮዎቹን፣ የራስ ቁር ነው ተብሎ የሚደፋውን የፀጉር አስተካካይ ሳህንና የዶን ኪሆቴ አሽከር ሳንቾ ደሴት የሚገዛበትን ወሰድኩ። የቀረውን ጣልኩት፤ ቅንጣት አልቆጨኝም። “ለመጽሐፉ ታማኝ ሁን” የሚሏችሁን አትስሟቸው። ሳንቾ ተረት በተረት ላይ የሚደራርብ ሰው ነው። የስፔኑን ትቼ የኛን ሰጠሁት። “ድር ቢያብር” ብሎ ሲያቆም አዳራሹ ይጨርስለታል። ተዋናዩ ብቻ አፉን ይያዝ።

አሁን ወደ ጉዱ እንግባ። ያለ ፈቃድ አዳራሽ የለም። ስክሪፕቱን ይዤ ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሄድኩ። ድሬ ውስጥ ከሽማግሌ እስከ ሕፃን “አንተ” ተባብለን እንኖራለን፤ እዚያ ጠረጴዛ ፊት ግን “እርስዎ” ማለት ግድ ነው። ኃላፊው ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣

“የደራሲው የፈቃድ ደብዳቤ የታለ?”

“ሞቷል፣ ጌታዬ።”

“ወራሾቹስ?”

ሰርቫንቴስ የሞተው በ1616 ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ፈገግ እንኳ አላሉም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲው የኢኮኖሚ መብት ከሞተ በኋላ የሚቆየው 50 ዓመት ነው። አዋጁን ፕሪንት አድርጌ፣ አስምሬበት ተመለስኩ። አገላበጡትና “ማኅተም የለውም” አሉኝ። አዋጅ ነው እኮ! ሰኞ ና ተባልኩ። ሰኞ ስብሰባ ናቸው። በመጨረሻ አንድ ጠበቃ ወዳጄ ኮፒው ላይ የራሱን ማኅተም መታበት። አንዲት መስመር ሳያነቡ ፋይል ውስጥ ከተቱት።

ተገላገልኩ ስል ሳንቾ መጣ። ደሴት ገዥ ሆኖ ማዕድ ሲቀርብለት፣ ሐኪሙ ለጤናህ አይሆንም እያለ ሳህኑን ሁሉ ያስነሳበታል። የተጠበሰ ቆቅ ከአፉ ሥር ይወሰዳል። ኃላፊው እዚህ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ።

“ይሄ ገዥ ማነው? የዚህ ከተማ ሰው ነው?”

“የስፔን ነው።”

“ባለሥልጣን ሲራብ የት አይተህ ታውቃለህ? ማን ያምንሃል? አውጣው።”

በጨዋታ ያሉት መስሎኝ ሳቅሁ። አልነበረም። አላወጣሁትም። መጽሐፉን ወስጄ ምዕራፉን ባሳያቸው “ስክሪፕቱ በቂ ነው” አሉኝ። ጉዳዩ አለቃቸው ዘንድ ወጣ። እሳቸው ሳያነቡ ፈረሙበት፤ ግን ያኔ የአዳራሹ ቀን አልፏል፣ ቀብዴም ተበልቶ ቀርቷል። እስከዛሬ ያንን ቢሮ ሳልፍ ደሜ ይፈላል።

ስለዚህ ፈቃዱ እጃችሁ ሳይገባ ቀብድ አትክፈሉ። አዳራሾቹ “ቶሎ ያዙ” ይላሉ፤ ይበሉ። ሌላው፣ ደራሲው ቢሞትም ተርጓሚው በሕይወት ሊኖር ይችላል፤ ትርጉሙ የራሱ መብት አለው። እኔ የተጠቀምኩት የጆን ኦርምስቢን የ1885 የእንግሊዝኛ ትርጉም ስለሆነ ነፃ ነበርኩ። የአማርኛ ትርጉም ይዛችሁ ከሆነ ግን ሰውየውን ፈልጋችሁ ጠይቁት።

ልምምድ ከሰዓት በኋላ አትጥሩ፤ በሙቀቱና በበርጫ መካከል ማንም አይመጣም። ማታ ይሁን። ቬንቲሌተሩን አጥፍታችሁ ከተለማመዳችሁ ደግሞ ማሳያው ቀን ይበራና ቀልዳችሁን ይበላዋል። ከመጀመሪያው ቀን አብርታችሁ ጩኹ።